ቀስ ማለት የማታውቀው ታክሲ

ከምጽዋ እስከ ሞያሌ በታክሲ የጦር ጄት የቀደመ መካኒክ ካለ ይውጣና ፊቴ ቆሞ ይናገር። እኔ ቀድሜያለሁ። ምስክሮቼ በሕይወት አሉ፤ ከመካከላቸውም ሁለቱ መጠጥ የሚባል አይቀምሱም። በደብረ ዘይት መንገድ ላይ፣ ነፋስ ስልክን አለፍ እንዳሉ፣ እኔ ሞተሯን የሠራኋት ታክሲ ጄቱን እንደ ቆመ ነገር ጥላው ነጎደች።

እንደ ቆመ ነገር ያልኩት ቆሞ ስለነበረ ነው። ክንፎቹ ተፈትተው፣ በሸራ ተጀቡኖ፣ ተሳቢ ላይ ተጭኖ ነበር። የተሳቢው ጎማ ፈንድቶ ሾፌሩ ጥላው ሥር ጋደም ብሎ ጥርሱን በክብሪት እንጨት ይጎረጉራል። ቢሆንስ? ማለፍ ማለፍ ነው።

ይህን ባወራሁ ቁጥር ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ስለዚያች ታክሲ ሳስብ ደሜ ይፈላል፤ ጎረቤት ጀበና ይዞ ቢመጣ ደረቴ ላይ ጥዶ መሄድ ይችላል። መንግሥት ተለወጠ፣ መንገዱ ተለወጠ፣ የኔም ፀጉር ግማሹ ሸበተ ግማሹ ተሰደደ፤ ንዴቱ ግን ትናንት የተቀጣጠለ ነው የሚመስለው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከነዝርዝሩ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ታክሲዋ የታላቅ እህቴ ባል ንብረት ነበረች፤ ጋሼ ነው የምለው። አሮጌ ጣሊያን ሠራሽ ፒካፕ ናት። ከኋላ ሸራ ለብሳ፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ ተገጥሞላት፣ ተሳፋሪው ጉልበት ለጉልበት ተፋጥጦ ይቀመጥባታል። በደርግ ጊዜ ሰው በየቀበሌው ፊት ለፊት ተቀምጦ እንዲወያይ ይገደድ ስለነበር እንዲህ ዓይነቶቹን ታክሲዎች ሁሉ ‹‹ውይይት›› ይላቸው ነበር። ልዩነቱ፣ የታክሲው ውይይት ላይ መውረጃህን ታውቀዋለህ።

መስመር የሚያድለው የታክሲ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። ይህ ሰው አንገት አልነበረውም፤ ጭንቅላቱ በቀጥታ ሥልጣኑ ላይ ነበር የተቀመጠው። እሱም ታክሲ አለው። ለራሱ ከነፋስ ስልክ ጎተራ የሚወስደውን፣ እንደ ገበታ የተዘረጋውን መንገድ ወሰደ። ለጋሼ ከመካኒሳ ድልድይ ወደ ሳር ቤት የሚወጣውን ዳገት ሰጠው። ያች አሮጌ ፒካፕ ሰው ሞልታ ዳገቱን ስትጀምር እንደ አስም በሽተኛ ታቃስታለች፤ ግማሽ ላይ ስትደርስ ትለግማለች። ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ይወጣል። ቅርጫት የተሸከሙ እናቶች ታክሲዋን ቀድመዋት ሳር ቤት ይደርሱና ቆመው ይጠብቋታል፤ ሒሳብ ከፍለዋል፣ ቀሪውን መንገድ መሄድ አለባቸው።

ሊቀመንበሩ ጋሼን ማኅበሩ ፊት አቁሞ አስጠነቀቀው። ከዚህ በኋላ አንድ ተሳፋሪ ዳገት ላይ ከወረደ መስመሩ ለሌላ ይሰጣል። እህቴ ሦስተኛ ልጇን አርግዛለች፤ የዚያ ቤት ምሳና እራት የሚመጣው ከዚያች ታክሲ አግዳሚ ነው። መስመሩ ከሄደ ሁሉም ሄደ። ጋሼ ሰው ለምኖ የማያውቅ ሰው ነው፤ እኔ ዘንድ መጥቶ ግን፣ ‹‹ወንድሜ፣ ዳገቱን ብቻ እንድትወጣ አድርግልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም›› አለኝ።

እኔ ያኔ ነፋስ ስልክ ውስጥ በመንግሥት የተወረሰ ጋራዥ መካኒክ ነበርኩ። ወጣት ነኝ፣ እጄ ጥሩ ነው፣ አፌ ከእጄ ይበልጣል። በእረፍት ቀኔ ሞተሩን ገልብጬ ሳየው በሽታው ካምሻፍቱ ነበር።

ካምሻፍት በሞተር ሆድ ውስጥ የሚሽከረከር ዘንግ ነው፤ ዘንጉ ላይ እንቁላል የሚመስሉ እብጠቶች አሉት። እንቁላሉ ሲዞር ሾጣጣ ወገኑ ቫልቩን ገፍቶ ይከፍተዋል፤ ሲያልፍ ሞላው መልሶ ይዘጋዋል። በአንዱ ቫልቭ ቤንዚንና አየር ይገባል፣ በሌላው ጭስ ይወጣል። የጋሼ መኪና እንቁላሎች ስንት ዓመት ሲፋጩ ኖረው ድንች መስለዋል። ቫልቮቹ በቅጡ ሳይከፈቱ፣ ገርበብ ብለው ይዘጋሉ። ሞተሩ የሚተነፍሰው በቁልፍ ቀዳዳ ነበር ማለት ነው።

አዲስ ለመግዛት የመንግሥት መለዋወጫ መደብር ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ራሱን እንኳ ቀና አላደረገም። ‹‹ካም...›› ስል ‹‹የለም›› አለኝ። ‹‹ሻፍት›› የምትለዋ አፌ ውስጥ ቀረች። በዚያው ወር የሊቀመንበሩ ታክሲ እኛ ጋራዥ ገብታ ከነወረቀቱ የተጠቀለለ፣ ዘይት የተቀባ፣ አዲስ ካምሻፍት ሲገጠምላት በዓይኔ አየሁ። በሜዳ ለምትሄድ መኪና። የገጠምኩትም እኔ ራሴ ነኝ። ያንን ዘንግ በእጄ ይዤ ስመለከተው ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ተራው ሠራተኛ ሁሉ ብርድ የያዘኝ መስሎት ነበር።

እንግዲህ የተበላውን ካምሻፍት በብየዳ ሞልቶ እንደገና መሞረድ ነው ያለው መንገድ። እዚህ ድረስ ማንም ጤነኛ መካኒክ የሚያደርገው ነው። ጤነኛው መካኒክ ግን የድሮውን ቅርጽ ይመልስና አርፎ ይተኛል። እኔ ከጋራዡ ቆሻሻ ውስጥ ያገኘኋት፣ ሽፋኗ የተገነጠለ የውጭ አገር የመኪና መጽሔት ነበረችኝ። ቋንቋውን አላውቀውም፤ ሥዕሉን ግን እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ። የውድድር መኪኖች ሞተር ነበር። ካምሻፍታቸው ከሆድ ወጥቶ አናት ላይ ተቀምጧል፣ አንድ ሳይሆን ሁለት ሆኖ፤ ለአንድ ሲሊንደር አራት አራት ቫልቭ፤ እንቁላሎቹም የሰጎን ናቸው፣ ጎናቸው የሰፋ፣ ቫልቩን ቀድመው የሚከፍቱ፣ ዘግይተው የሚዘጉ። ሁለት ካምሻፍት ከየት ላምጣ? አንዱን እንኳ ‹‹የለም›› ተብያለሁ። የሰጎኑን እንቁላል ግን መሥራት እችላለሁ አልኩ። ሊቀመንበሩ ለራሱ አዲሱን ካስገጠመ፣ እኔ ለጋሼ በአገሩ የሌለውን እሠራለታለሁ።

ነገሩ እንዲገባችሁ የቀበሌ ሱቅ አስቡ። ስኳር መጣ ተብሎ ሰው ተሰልፏል፤ በአንዱ በር ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ረጋ ያለው ካምሻፍት የገባውን አስወጥቶ፣ መውጫውን ሊዘጋ ሲል ነው መግቢያውን የሚከፍተው። ቁጡው ካምሻፍት ግን መውጫው ገና ወለል ብሎ ሳለ መግቢያውን ይበረግደዋል። ግርግር ካለ ይህ ድንቅ ነው፤ የሚወጣው ሕዝብ በግፊያው የሚገባውን ስቦ ያስገባዋል፣ ሱቁ በአንድ ሰዓት የሁለት ሰዓት ሰው ያስተናግዳል። ሰልፈኛው ከሳሳ ግን፣ ሁለቱም በር ክፍት ስለሆነ፣ በዚህ የገባው ስኳሩን ሳይወስድ በዚያ ይወጣል፤ የወጣውም ተሳስቶ ተመልሶ ይገባል። ሱቁ ክፍት ነው፣ ሽያጭ ግን የለም። ሞተርም እንዲሁ ነው፤ ሲጮህ አንበሳ፣ ቀስ ሲል ሬሳ።

የመጀመሪያውን ግማሽ በደንብ ገብቶኛል። ሁለተኛው ግማሽ ላይ ብዙም አልቆየሁበትም።

ጎረቤቴ የስልጤ ሰው ነው፤ ቶርኖ ቤት ነበረው፤ ብረት እያዞረ የሚያስተካክል ማሽን ማለት ነው። የምፈልገውን የእንቁላል ቅርጽ ከወተት ጣሳ ቆርቆሮ ልኩን ቆርጬ አሳየሁት። ገልበጥ አድርጎ አየና ይህን የሚጠቀመው ታክሲ ነው ወይስ ሚግ ብሎ ጠየቀኝ። ሁለቱም ነው አልኩት። በየማታው ከሥራ መልስ እየበየድን፣ እያዞርን፣ እየሞረድን ጣሳው እስኪገጥም ቀጠልን። ቁጡው እንቁላል ቫልቩን በኃይል ስለሚገፋው የድሮው ሞላ ፈጥኖ አይመልሰውም፤ ስለዚህ ከተጣለ የውሃ ፓምፕ ያወጣሁትን ሞላ ከውስጡ ደረብኩለት። ቫልቩ ዘልቆ ፒስተኑን እንዳይመታውም ከእህቴ ቡሃቃ የዳቦ ሊጥ ሰርቄ ፒስተኑ አናት ላይ ለጠፍኩና ሞተሩን በእጄ አዞርኩት። ፈትቼ ሳየው ቫልቩ ሊጡ ላይ ጉድጓድ አትሞ፣ ከሥሩ ግን አንድ ጣት የማትሞላ ውፍረት ተርፏል። በቂ ነው አልኩና ሊጡን ወደ ቡሃቃው መለስኩት። እህቴ ዳቦው ለምን ዘይት ዘይት እንደሚል እስከ ፋሲካ ድረስ ስትመራመር ነበር።

የሞከርናት ጀሞ ነው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የተተከለበት ጀሞ ያኔ የጤፍ ማሳ ነው። ጋሼ ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ጆሮዬን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርጌያለሁ። መጀመሪያ ላይ ተንቀጠቀጠች፣ አሳለች፣ ልትሞት ሆነ። ጋሼ ቤንዚኑን ሲረግጠው ግን ከሥራችን የሆነ ነገር ተነሣ። የወጣው ድምፅ የመኪና አይደለም፤ ወንበሩ ጀርባዬን መታኝ፣ ሸራው ተርገበገበ፣ የገበሬው በሬዎች ከነቀንበራቸው ሞፈሩን ይዘው ወደ አዋሽ ተሰደዱ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ‹‹ኩን ማሊ?›› ብለው ጮኹ፤ ይህ ምንድን ነው ማለታቸው ነው። ጋሼ የሳቀው ከሠርጉ ቀን ወዲህ ያን ዕለት ብቻ ነው።

በማግሥቱ ሰው እስከ አፍንጫዋ ሞልታ የመካኒሳን ዳገት እንደ ፍየል ወጣችው። አንድም ሰው አልወረደም። በሳምንቱ ደግሞ፣ ጋሼ ሳሪስ ዕቃ ለማድረስ ተኮናትሮ አብረን ስንሄድ፣ ያንን ጄት አለፍነው። ሰፈሩ ሁሉ ስለ ታክሲዋ አወራ፤ እኔም ከሁሉ በላይ አወራሁ። ሌላ ሰው ሲያወራ ካጠፋ አርመው ነበር።

ችግሩ ሌላው የታክሲ ሥራ ነው። ታክሲ ሁልጊዜ ዳገት አይወጣም። ቆሞ ይጭናል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ከከብት ኋላ ያዘግማል። ያች መኪና ቆማ ሞተሯ ሲሠራ፣ ሚኒሞ በምንለው ቀርፋፋ ዙር ላይ፣ ወባ እንደያዘው ትንዘፈዘፋለች። ፊት ለፊት የተቀመጡ ተሳፋሪዎች ጉልበታቸው ይጋጫል፤ የአንዲት ሴትዮ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ወልቆ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠ መቶ አለቃ ጭን ላይ አረፈ ይባላል፤ ያስባለው እኔ ብሆንም። ቤንዚን ያኔ በራሽን ነው፤ የሳምንቱን ድርሻ በሦስተኛው ቀን ጠጥታ ትጨርሰዋለች። ጋሼ መጥቶ በትህትና የድሮውን ቅርጽ እንድመልስላት ጠየቀኝ።

ተቆጣሁ። ዳገቱን ነው የለመንከኝ፣ ዳገቱን ወጣሁልህ አልኩት። አንተ ድንች የለመደ ሰው ነህ፣ ሰጎን አይገባህም አልኩት። የሚኒሞዋን ቪስ ጠበቅ አድርጌ ቆማም እንድትጮህ አደረግኳትና ሂድ አልኩት። እሱ እኔን ማክበር አያውቅም ብዬ እኮ ነው፤ የእህቴን እንጀራ በእጁ ይዞ የሚንቀጠቀጥ ሰው ፊት ቆሜ።

ዛሬ የሚመጡት መኪኖች ላይ ያንን ነገር ፈትተውታል። አንዱ ዘንግ ላይ ሁለት ዓይነት እንቁላል አለ፤ ለዝግታ ረጋ ያለው፣ ለፍጥነት ቁጡው። ሞተሩ ራሱ ፍጥነቱን አይቶ፣ በዘይት ግፊት እየገፋ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። አንዳንዱም ዘንጉን ራሱን ወደፊትና ወደኋላ ያንሸራትተዋል። መጀመሪያ የፈታሁት ዕለት ጋራዡ ወለል ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ሰው መንፈሳዊ ነገር የነካኝ መስሎት ውሃ አመጣልኝ። ደስታ አልነበረም። እኛ በየቀኑ ‹‹የለም›› ስንባል፣ ሌላው ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር እያሰበ ነበር። እኔ የነበረኝ አንድ እንቁላል ብቻ ነው፣ እሱም ቁጡው።

ከዚያ የሊቀመንበሩ እናት ዐረፉ።

የማኅበሩ ደንብ እንዲህ ነው። የአባል ቤተሰብ ሲሞት ከአባላቱ ታክሲዎች አንዷ አስከሬኑን ትይዛለች። ሳጥኑ በሁለቱ አግዳሚዎች መካከል ይቀመጣል፣ የቅርብ ዘመድ ግራና ቀኝ ሆኖ ይደግፈዋል፣ ለቀስተኛው ከኋላ በእግሩ ይከተላል። አንድ ነገር ደግሞ የሰፈሩ ሕግ ነው፤ አስከሬን የያዘች መኪና ከለቀስተኛው እርምጃ አትፈጥንም። ከፈጠነች ቤተሰቡ ሟቹን ለመገላገል የቸኮለ ይመስላል፤ ነውር ነው። በዕድሜ የገፋችው አልቃሽ በምትሄድበት ልክ ነው የሚኬደው።

ሊቀመንበሩ ከዚያ ሁሉ ታክሲ መርጦ ጋሼን አስጠራ። ቤተ ክርስቲያኑ መካኒሳ ዳገት ላይ ነው፣ ያች ዳገት የምትወጣው መኪና እናቴን ትያዝልኝ አለ። በክብር ካደረስካት መስመሩን በስምህ አጸድቅልሃለሁም አለው። ካላደረስካትስ የሚለውን አልተናገረም፤ ሁላችንም ሰምተነዋል።

ቀስ ብሎ መሄድ የምትችለው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር። ጋሼ ቤንዚኑን ረግጦ ሞተሩን ያስጮኸዋል፤ በግራ እግሩ ደግሞ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ላይ ይዞ ጎማው ከሞተሩ ጋር በሙሉ እንዳይያያዝ ያሾልከዋል። ከቤት እንደወጣን ከኋላ የሴቶች ሙሾ፣ ከፊት የኔ ሰጎን። የሊቀመንበሩ እህቶች ‹‹እናት ዓለም›› ሲሉ ሞተሩ ይመልስላቸዋል። የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ ከዕጣኑ ጋር ተቀላቀለ፤ ዲያቆኑ ጥናውን እያነሳ ከየት እንደሚሸት ይመረምራል። ጋሼ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። እኔ ከመኪናዋ ጎን በእግሬ እየሄድኩ በመስኮት ርገጥ፣ ልቀቅ፣ ርገጥ እለዋለሁ።

የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ከታየ በኋላ እግሩ ዛለና የሞተሩ ዙር ወረደ። ያልተቃጠለው ቤንዚን ማርሚታው ውስጥ ተጠራቅሞ ኖሮ በአንድ ጊዜ ፈነዳ።

በዚያ ዘመን ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ማን ተኮሰ ብሎ የጠየቀ የለም። ለቀስተኛው በሙሉ መሬት ላይ ተዘረጋ፤ ቄሱ ከነጥላቸው ቦይ ውስጥ ገቡ፣ የእድሩ ዳኛ ከአንዲት የሰው እናት ጀርባ ተከለሉ። ያልደነገጡት ሟቿ ብቻ ነበሩ።

ሰው አቧራውን እያራገፈ ሲነሣ ሊቀመንበሩ ወደ እኛ መጣ። ‹‹ይሄ አሻጥር ነው›› አለ፣ ዝግ ብሎ። ያን ቃል ዝግ ብሎ የሚል ሰው ከሚጮኸው ይከፋል፤ በዚያ ቃል ሄደው ያልተመለሱ ሰዎች ሰፈራችን ውስጥ ነበሩ። ይህን ሞተር የሠራው ማነው አለ። የጋሼ ዓይን ሳያስበው ወደ እኔ ሄደ።

‹‹አንተ ነህ?›› አለኝ ሊቀመንበሩ። ‹‹ጠባይዋን የምታውቀው አንተ ነሃ። ግባና እስከ ደጃፉ በሥርዓት ንዳልኝ። ካደረስካት መስመሩ የሱ ነው። ካላደረስካት ከነገ ጀምሮ ጎማውን እዚህ መስመር ላይ አላየውም።››

ጋሼ በሩን ከፍቶ ወረደ። የዛለ ግራ እግሩን አሸት አሸት አደረገ። በሩን ይዞልኝ፣ ‹‹በል ወንድሜ፣ አንተው ታውቃታለህ›› አለኝ።

ዓይኔ መሪው ላይ፣ ከዚያ ፔዳሎቹ ላይ፣ ከዚያ ያ ሁሉ ሕዝብ ላይ ሄደ። ከዚያ ፈነዳሁ።

‹‹አልነዳም›› አልኩ። ‹‹ሜዳውን ለራስዎ ወስደው ዳገቱን ለዚህ ሰው የሰጡት እርስዎ ነዎት። እኔ ‹የለም› የተባልኩት ካምሻፍት አሁን በእርስዎ መኪና ውስጥ እየዞረ ነው፤ በእጄ ነው የገጠምኩት። ይሄ ሰውዬ ልጆቹን በዚች ቆርቆሮ ሲያበላ እርስዎ መስመሩን እንደ ገመድ አንገቱ ላይ አሰሩበት። ዛሬ ደግሞ ና ንዳልኝ ይሉኛል። እናትዎ ደግ ሴት ነበሩ፤ ለሳቸው ስል እሸከማለሁ። ለእርስዎ ግን አልነዳም።››

የእድሩ ዳኛ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። እኔ አለቀልኝ ብዬ ጠበቅሁ። ሊቀመንበሩ እኔን አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ እንደገና እኔን አየ። ከዚያ ለወንዶቹ፣ ‹‹ግፉ›› አላቸው።

ገፋን። ያለ ሞተር፣ በሰው ትከሻ፣ በአልቃሽ እርምጃ። ሽማግሌዎች እንዲህ ያለ ያማረ ቀብር አይተን አናውቅም ብለው ሲያወሩ ከረሙ።

በማግሥቱ ጋሼ መስመሩን አጣ። ከጀሞ ገለባና ጭድ ወደ ከብት አደላቢዎች ሲያመላልስ፣ ባዶ በሚባል ገቢ፣ ደርግ እስኪወድቅ ቆየ። እህቴ ልጇን ወልዳ፣ ልጁ ቆሞ እስኪሄድ ድረስ አላናገረችኝም። እኔን ለምን እንዳላሳሰረኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት እናቱ ፊት ስለነበረ ይሆናል። ሰፈሩ ግን ጀግና አደረገኝ። ያ ሊቀመንበሩን ፊት ለፊት የተናገረው እያሉ ቢራ ይጋብዙኛል፤ መንግሥት ሲለወጥም አዳራሽ ውስጥ አስነሥተው አስጨብጭበውልኛል። ጋሼም እዚያው ነበር፤ አጨበጨበ።

የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። አንዷን ቃል አላነሣም፣ ዛሬም እያንዳንዷ ታቃጥለኛለች። በዚያ በር ያልገባሁት ግን በድፍረት አይደለም። ቤንዚን፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ሁሉንም የማውቃቸው ከሥራቸው ተንጋልዬ ነው። መኪና መንዳት አልችልም። ያኔም አልችልም ነበር፣ አሁንም አልችልም።